የአቤሜሌክ እንቅልፍና የእኛ መርዶ

በአገራችን ሰው ሲሞት ወሬው ለዘመድ ሁሉ በአንድ ጊዜ አይደርስም። በሰፈሩ ያለው ሰው ወዲያው ይሰማል፤ ድንኳን ይተከላል፥ ሬሳው ይገነዛል፥ ቀብሩም ይፈጸማል። በሩቅ ያለው ልጅ ወይም ወንድም ግን ወሬው ይደበቅበትና፥ ሰዎች ተሰብስበው በተመረጠ ሰዓት ይነግሩታል። ይህም መርዶ ይባላል። በሞቱና በመርዶው መካከል ባለው ጊዜ ሁለት ዓለም አለ። በአንደኛው ዓለም ሟቹ ተቀብሯል፤ በሁለተኛው ግን ገና በሕይወት ይኖራል፤ ሰላምታ ይላክለታል፥ ለበዓልም ስጦታ ይታሰብለታል።

በዚህ አጭር ጽሑፍ ሊገለጽ የታሰበው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፥ መርዶ የኀዘንተኛውን ጊዜ እንዴት እንደሚከፍል፤ ሁለተኛ፥ ይህንኑ ጉዳይ የሚነካ አንድ ጥንታዊ ታሪክ በገዛ መጻሕፍታችን ውስጥ እንደሚገኝ፤ ሦስተኛም፥ ከዚያ ታሪክ ዛሬ ከቤታቸው ርቀው ለሚማሩ ሰዎች ምን ትምህርት እንደሚወጣ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ዓ.ም. ካልተባለባቸው በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል ያስፈልጋል።

ጉዳዩ ለፔዳ ሰው ሩቅ አይደለም። ፔዳ የሚለው ስም የመጣው በ1972 ከተቋቋመው የፔዳጎጂ አካዳሚ ነው፤ አካዳሚው ኋላ የመምህራን ኮሌጅ ተብሎ፥ በ1992 ዓ.ም. ከፖሊቴክኒኩ ጋር ተዋሕዶ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ስሙ ሲለዋወጥ አንድ ነገር ግን አልተለወጠም፤ በዚህ ግቢ የሚኖር ተማሪ አብዛኛው ከአባትና ከእናቱ ርቆ የሚኖር ነው። ርቆ የሚኖር ሰው ደግሞ መርዶ የሚደበቅበት ሰው ነው።

የመርዶ ሥርዓት

መርዶ ማለት የሞት ወሬ ብቻ አይደለም፤ ወሬው በሥርዓት የሚነገርበት ሥራም ነው። ሥርዓቱ ከስፍራ ስፍራ ጥቂት ቢለያይም በጎጃምና በጎንደር፥ በጣናም ዙሪያ የሚታወቀው መልኩ እንዲህ ያለ ነው። ወሬውን የያዘው ሰው በመጀመሪያ የሚሄደው ወደ ባለጉዳዩ ሳይሆን ወደ ጎረቤቶቹ፥ ወደ ወዳጆቹና ወደ ንስሐ አባቱ ነው። እነርሱም በስውር ተማክረው ቀን ይቈርጣሉ። የሚመረጠው ሰዓት ብዙ ጊዜ ሌሊቱ ሊነጋ ሲል ነው፤ ምክንያቱም በዚያ ሰዓት ባለቤቱ ከቤቱ አይታጣም፥ ለመንገድም ለሥራም ገና አልወጣም፥ ጎረቤቱም አልተበተነም። ሽማግሌዎች በአንድነት መጥተው በሩን ሲያንኳኩ፥ ከአፋቸው ቃል ሳይወጣ የቤቱ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። አንዳንድ ጊዜም ልቡ እንዲዘጋጅ አስቀድሞ “ታመዋል” የሚል ወሬ ይላክበታል።

ከዚህ በኋላ ኀዘንተኛው ይጮኻል፥ ያለቅሳል፤ ሰውነቱን እንዳይጐዳ ሰዎች ይይዙታል፤ ለቀስተኛውም “እግዜር ያጥናህ” እያለ ይገባል። ሟቹ ከተቀበረ ወር ቢሆነውም በዚያ ቤት ኀዘኑ የዛሬ ነው። ከዚህ እንደምንረዳው መርዶ ሁለት ነገር በአንድነት ይሠራል፤ አንደኛው ወሬውን ማዘግየት ነው፥ ሁለተኛው ወሬው የሚወድቅበትን ሰው የሚደግፉ እጆችን አስቀድሞ መሰብሰብ ነው። ሰዎች ስለ መርዶ ሲናገሩ ብዙ ጊዜ መደበቁን ብቻ ያነሣሉ፤ የሥርዓቱ ፍሬ ግን መሰብሰቡ ነው።

አሁን የጊዜውን ነገር እንመልከት። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የሙታን መታሰቢያ ሣልስት፥ ሰባት፥ ዐሥራ ሁለት፥ ሠላሳ፥ አርባ፥ ሰማንያ፥ መንፈቅና ሙት ዓመት እየተባለ ይቈጠራል። ቍጥሩ ለሟቹ ነፍስ የሚደረገውን ጸሎት የሚመለከት ነው፤ ነገር ግን ለኀዘንተኛውም ደረጃ ሆኖ ያገለግላል። በሣልስት የቅርቡ ሰው ተሰብስቦ ያስቀድሳል፤ በአርባ ተዝካር ይወጣል፤ በሙት ዓመት ጥቁር ልብስ ይወልቃል። ኀዘንተኛው በየደረጃው ጥቂት በጥቂት ወደ ሕያዋን ይመለሳል።

መርዶ የዘገየበት ሰው ግን በዚህ ደረጃ ላይ ከሌሎች ጋር አብሮ አይወጣም። ለምሳሌ እናቱ ጥር 1 ቀን ያረፈች ተማሪ መርዶውን የካቲት 10 ቀን ቢሰማ፥ ለእርሱ የመጀመሪያው ቀን ለቤተ ሰቡ አርባኛው ቀን ነው። እነርሱ ተዝካር ሲያወጡ እርሱ ገና ይጮኻል። እነርሱ እንባቸውን ጨርሰው ስለ ዘር ወቅትና ስለ ውርስ ሲነጋገሩ፥ እርሱ እናቱ የጠጣችበትን ጽዋ ይፈልጋል። ይህ ሰው ከሌላው አገር ሳይሆን ከሌላው ቀን የመጣ እንግዳ ነው ብንል ስሕተት አይሆንም።

እኔ ራሴ በአዳሪ ትምህርት ቤት ሳለሁ አያቴ ዐርፈው የተነገረኝ በሃያ ሦስተኛው ቀን፥ ፈተናው ካለቀ በኋላ ነበር። ቤት ስደርስ ድንኳኑ ተነሥቷል፤ አልጋቸውም ከጓዳ ወጥቷል። በሻንጣዬ ውስጥ ለእርሳቸው የገዛሁት ጥቁር ሻሽ ነበር፤ ገበያ ወርጄ ስመርጥ እርሳቸው ከተቀበሩ ሁለተኛ ሳምንት ሆኗቸው ነበር። ሻሹን እናቴ ተቀብላ ለኀዘን አሰረችው። በዚያ ጊዜ ነገሩን የምገልጽበት ቃል አልነበረኝም፤ ኋላ ግን የአቤሜሌክን ታሪክ ሳነብ ቃሉን ያገኘሁት መሰለኝ።

አማርኛችን ለዚህ ጉዳይ የራሱ የሆነ አነጋገር አለው፤ ይኸውም “እርም ማውጣት” የሚለው ነው። እርም በሌላ አገባቡ ክልክል፥ የማይነካ ነገር ማለት ነው። ለሞተበት ሰው የሚገባውን ለቅሶ አልቅሶ የጨረሰ ሰው እርሙን አወጣ ይባላል። ያላለቀሰ ግን እርሙ በላዩ አለ፤ ለሌላው የተፈቀደው ሣቅና ጨዋታ ለእርሱ ገና እንዳልተፈቀደለት ይቈጠራል። እንግዲህ ወደ ፊት መሄድ ማለት በእኛ ቋንቋ መርሳት አይደለም፤ እርምን አውጥቶ መነሣት ነው። ሬሳው ያልተገኘለት ሰው እንኳ ልብሱ ወይም ፎቶግራፉ ቀርቦ ይለቀስለታል፤ ለቅሶው ለሟቹ ክብር የሚደረገውን ያህል ለቋሚውም መፈታት የሚደረግ ነውና።

በተረፈ ባሮክ የሚገኘው ታሪክ

ቤተ ክርስቲያናችን ከምትቈጥራቸው 81 መጻሕፍት ውስጥ ተረፈ ባሮክ የሚባል አጭር መጽሐፍ አለ። “ተረፈ” ማለት የቀረ፥ የተረፈ ነገር ማለት ነው፤ በሌላ አነጋገር ይህ መጽሐፍ የኤርምያስ ታሪክ ተከታይ ክፍል ነው። በአውሮፓ ሊቃውንት ዘንድ ከግዕዙ የታወቀው አውግስጦስ ዲልማን በ1866 ባሳተመው የግዕዝ ንባብ ስብስብ ነው። ሬንደል ሃሪስ የተባለ እንግሊዛዊ ሊቅ ደግሞ በ1889 የግሪክኛውን ንባብ ሲያወጣ፥ መጽሐፉ የተጻፈው በ136 ዓመት ግድም ነው የሚል አሳብ አቅርቧል። ምክንያቱም ሮማውያን የኢየሩሳሌምን ቤተ መቅደስ ያፈረሱት በ70 ነው፤ በመጽሐፉ ውስጥ ያለው እንቅልፍ ደግሞ 66 ዓመት ነው፤ ሁለቱ ሲደመሩ 136 ይሆናል። ዓመቱ በትክክል ይህ ባይሆን እንኳ፥ መጽሐፉ ከ70 ጥፋት በኋላ ለነበሩ ኀዘንተኞች የተጻፈ መሆኑን ብዙዎች ሊቃውንት ይቀበላሉ። የፊተኛውን ጥፋት በመተረክ ስለ ኋለኛው ጥፋት የሚያጽናና ነው። ታሪኩን እዚህ የምናየው እንደ ሥነ ጽሑፍ ስለ ሆነ የሃይማኖት ክርክር ውስጥ አንገባም።

የታሪኩ መነሻ በትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 38 ነው። ነቢዩ ኤርምያስ በንጉሡ በሴዴቅያስ ዘመን በጕድጓድ ውስጥ በተጣለ ጊዜ፥ ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ ንጉሡን አስፈቅዶ፥ ገመዱ ብብቱን እንዳይቈርጠው አሮጌ ጨርቅ አስደግፎ አወጣው። ተረፈ ባሮክ ከዚህ ይቀጥላል። ከተማይቱ በከለዳውያን እጅ ልትጠፋ በተቃረበች ጊዜ ኤርምያስ ስለ አቤሜሌክ እግዚአብሔርን ለመነ፤ ልመናውም ይህ ደግ ሰው የከተማይቱን ጥፋት አይቶ እንዳያዝን ነበር። እንግዲህ ታሪኩ የሚጀምረው ወሬን ከሚወዱት ሰው በመደበቅ አሳብ ነው። በማግሥቱ ኤርምያስ አቤሜሌክን ጠርቶ፥ ቅርጫት ይዞ በተራራው መንገድ ወደ አግሪጳ እርሻ እንዲሄድና ከሕዝቡ መካከል ለታመሙት በለስ እንዲያመጣ ላከው። አቤሜሌክም ሄደ።

እርሱ በሌለበት ከተማይቱ ተያዘች። ሕዝቡ ወደ ባቢሎን ተማረከ፤ ኤርምያስም አብሮ ሄደ። ባሮክ ግን ቀርቶ ከከተማው ውጭ በመቃብር ስፍራ ተቀመጠ። አቤሜሌክ በለሱን ይዞ ሲመለስ ፀሐዩ ስለ በረታበት ጥቂት ሊያርፍ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጠ፤ እንቅልፍም ወሰደው፤ 66 ዓመትም ተኛ። ሲነቃ ራሱ ከብዶት ነበር፤ እንቅልፍ ያልጠገበ መሰለው። ቅርጫቱን ገልጦ ቢያይ በለሱ ወተቱ ገና ያንጠባጥባል። ጥቂት ልተኛ ብሎ አሰበና ኤርምያስ እንዳይጠብቀው ተነሥቶ መንገዱን ቀጠለ።

ኢየሩሳሌም ሲደርስ ከተማይቱን አላወቃትም፤ ቤቶቹን አላወቃቸውም፥ ከዘመዶቹም አንድ እንኳ አላገኘም። መንገድ የሳተ መስሎት ወጥቶ ምልክቶቹን መረመረ፤ ምልክቶቹ ትክክል ናቸው። እንደ ገና ገባ፤ እንደ ገናም ወጣ። በመጨረሻ ቅርጫቱን አስቀምጦ ተክዞ ተቀመጠ። ከእርሻ የሚመለስ አንድ ሽማግሌ ባየ ጊዜ ስለ ከተማይቱና ስለ ኤርምያስ ጠየቀው። ሽማግሌውም ሕዝቡ ከተማረከ 66 ዓመት እንደ ሆነው ነገረው። አቤሜሌክ አላመነም፤ ሽምግልናውን ባያከብር ኖሮ እብድ ነህ ሊለው ምንም አልቀረውም ነበር። በለሱንም አሳየው። ሽማግሌው ግን አልተቈጣም፤ ማሳውን እንዲያይ አመለከተው፤ ቡቃያው ገና ብቅ እያለ ነው፥ የበለስ ወራትም አይደለም። በዚህ ጊዜ አቤሜሌክ እውነቱን ተቀበለ፤ ከበለሱም ለሽማግሌው ሰጠው።

ከዚህ በኋላ መልአክ ወደ ባሮክ መራው፤ ተሳስመውም አለቀሱ። ባሮክ በለሱን አይቶ የትንሣኤ ምልክት አደረገው። ከበለሱም 15 ፍሬ ከደብዳቤ ጋር በንስር አንገት ታስሮ ወደ ባቢሎን ተላከ። ንስሩ ሲደርስ ኤርምያስና ሕዝቡ የሞተ ሰው ሊቀብሩ ወጥተው ነበር፤ ንስሩ በሬሳው ላይ ቢያርፍ ሙቱ ተነሣ። ኤርምያስም በለሱን ከሕዝቡ መካከል ለታመሙት አደለ። ለባሮክ በጻፈው መልስም ይህን መከራ ባለማየትህ እግዚአብሔር ራርቶልሃል የሚል አሳብ አለ፤ ምሳሌውም አንድ ልጁ ሲቀጣ እንዳያይ ሰዎች ፊቱን የሚሸፍኑለት አባት ነው። በመጨረሻ ሕዝቡ ዮርዳኖስን ተሻግሮ ተመለሰ፤ ኤርምያስ በሞተ ጊዜም የቀበሩት ባሮክና አቤሜሌክ ናቸው።

ከሌሎች እንቅልፈኞች ጋር ሲነጻጸር

ጊዜን ስለ መሻገር የሚጻፍ ልብ ወለድ በአውሮፓ የታወቀው ኤች. ጂ. ዌልስ በ1895 ባወጣው ድርሰት ነው፤ በዚያ ሰው የሚሻገረው በመኪና ነው። ከመኪናው በፊት ግን የመሻገሪያው መንገድ እንቅልፍ ነበር። በአይሁድ ታልሙድ ሖኒ የሚባል ጻድቅ 70 ዓመት ተኝቶ ሲነቃ የልጁን ልጅ አገኘ፤ ነገር ግን እኔ ሖኒ ነኝ ቢል የሚያምነው ስላጣ ሞትን ለምኖ ሞተ። በስንክሳር ነሐሴ 20 ቀን የሚታሰቡት ሰባቱ የኤፌሶን ወጣቶች ከዳኬዎስ ሸሽተው በዋሻ ተኝተው በቴዎዶስዮስ ዘመን ነቁ፤ ምስክርነታቸውን ከሰጡ በኋላ ግን እንደ ገና ዐረፉ። ሙስሊም ወንድሞቻችንም በሱረቱል ካህፍ ውስጥ ስለ ዋሻው ሰዎች ያነባሉ፤ በዚያ ቍጥሩ 300 ዓመት፥ ዘጠኝም ተጨምሮ ነው።

በዘመናችን ደግሞ ቶሺካዙ ካዋጉቺ የተባለ ጃፓናዊ ደራሲ በ2015 ባወጣው ልብ ወለድ፥ በቶኪዮ አንዲት ቡና ቤት ውስጥ በተወሰነ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ወደ ትናንት ይሄዳል። ሕጉ ጥብቅ ነው፤ ቡናው ሳይቀዘቅዝ መመለስ አለበት፥ በትናንት የሚያደርገውም ነገር ዛሬን አይለውጥም። በ2017 የወጣው ሁለተኛው መጽሐፍ ይበልጥ የሚመለከተው የሞተባቸውን ሰዎች ነው፤ ጥያቄውም በሕይወት የቀረ ሰው ደስ ሊለው ይገባልን የሚል ነው። ቡናን አቦል፥ ቶና፥ በረካ እያለ በሚቈጥር አገር ይህ ወግ እንግዳ አይመስልም።

እነዚህን ሁሉ ስናነጻጽር አቤሜሌክ በሁለት ነገር ይለያል። አንደኛ፥ በጃፓናዊው መጽሐፍ ሰው ወደ ሟቹ ይሄዳል፤ አቤሜሌክ ግን ሳያውቅ ከሟቾቹ አልፎ ወደ ፊት ሄዷል። የመርዶ ሰው የሚመስለው ይህን ነው። ሁለተኛ፥ ሖኒ ሞተ፥ የኤፌሶን ወጣቶችም ዐረፉ፤ አቤሜሌክ ግን ነቅቶ መኖሩን ቀጠለ። ስለዚህ እንዲኖር የረዳው ምን እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል።

አቤሜሌክን ያቆመው ምንድን ነው?

በታሪኩ ውስጥ አራት ነገሮች ይታያሉ።

የመጀመሪያው፥ እውነቱን የነገረው ሰው መታገሡ ነው። ሽማግሌው በእኛ ሥርዓት ሲመዘን ጥሩ መርዶ ነጋሪ አልነበረም፤ ብቻውን፥ በመንገድ ላይ፥ ሳይዘጋጅ ተናገረ። ነገር ግን ያላመነውን ሰው አልተጣላም። ኀዘንተኛ በመጀመሪያ “ውሸት ነው” ቢል ከእብደት አይቈጠርበትም፤ ማስረጃው በእጁ ነውና። በቅርጫቱ ያለው በለስ ዛሬ የተቈረጠ ነው ይላል፤ ማሳው ደግሞ ዘመን አልፏል ይላል። ሁለቱም ምስክሮች እውነተኞች ናቸው። ሽማግሌው በለሱን ሐሰት ነው አላለም፤ ማሳውን ብቻ አሳየ።

ሁለተኛው፥ ባልንጀራ ማግኘቱ ነው። ሖኒ የሚያውቀው ሰው አላገኘም፤ አቤሜሌክ ግን ባሮክን አገኘ። በዚህ ላይ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። ባሮክ ጥፋቱን ሁሉ በዓይኑ አይቶ በመቃብር የተቀመጠ ሰው ነው፤ አቤሜሌክ ደግሞ ምንም ያላየ ሰው ነው። አንደኛው ከኀዘኑ አልወጣም፥ ሁለተኛው ወደ ኀዘኑ አልገባም። ለባቢሎን ደብዳቤው የተጻፈው ግን ሁለቱ ተገናኝተው ካለቀሱ በኋላ ነው። ዘግይቶ የመጣው ለቀስተኛ ለቀደመውም ጥቅም አለው ማለት ነው። በአገራችን ከብዙ ዓመት በኋላ ከውጭ አገር የተመለሰ ሰው ለቅሶ ሲደርስ ቤተ ሰቡ አብሮት እንደ ገና የሚያለቅሰው፥ ይህን ጥቅም በልማድ ስለሚያውቀው ይመስለኛል።

ሦስተኛው፥ መልእክቱ ሳይፈጸም አለመቅረቱ ነው። በለሱ የተቈረጠው ለታመሙት ነበር። እነዚያ በሽተኞች ከ66 ዓመት በኋላ በኢየሩሳሌም አልነበሩም፤ በለሱ ግን በባቢሎን ለነበሩት በሽተኞች ደረሰ። ለሟች የታሰበ ነገር ለሕያው ሲደርስ የኀዘንተኛው ሥራ ከንቱ አይሆንም። ተዝካር ሲወጣ ለድሀ የሚሰጠውም እህል በዚሁ መንገድ ይሄዳል፤ ለሟቹ ተብሎ ይዘጋጃል፥ የሚበላው ግን የተራበ ሰው ነው።

አራተኛው፥ ኀዘኑ የዘገየለት እንጂ የቀረለት አለመሆኑ ነው። ኤርምያስ የለመነው አቤሜሌክ እንዳያይ ነበር፤ ልመናውም ተሰማ፤ ጥፋቱን አላየም። ቢሆንም ፍርስራሹን አየ፥ አለቀሰም። በነቢይ ልመና የመጣ እንቅልፍ እንኳ ለቅሶን ማስቀረት አልቻለም። ስለዚህ ፊት መሸፈን የፍቅር ሥራ ነው፤ ለዘለዓለም መሸፈን ግን አይቻልም።

ለተማሪ መርዶ መቼ ይነገር?

ብዙ ቤተ ሰብ በተማሪ ልጁ ላይ መርዶ የሚደብቀው ስለ ፈተና ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ሲሰጥ፥ ተፈታኞች ከቤታቸው ርቀው፥ ስልክም ሳይዙ ይሰነብታሉ። በእነዚያ ቀኖች ወላጁ የሞተበት ልጅ ሳያውቅ ይጽፋል። ይህን የሚያደርጉ ሰዎች ጨካኞች አይደሉም። አንድ ገበሬ ልጁን ለማስተማር በሬውን ሸጦ ሊሆን ይችላል፤ የምትሞተውም እናት ራሷ “ለልጄ አትንገሩት” ብላ ተናዝዛ ሊሆን ይችላል። አንድ ፈተና ቢወድቅ የሚባክነው የቤተ ሰቡ ሁሉ ድካም ነው። ክርክሩ ቀላል ባለመሆኑ መደበቅ ሁሉ ክፉ ነው ማለት አይገባም።

ቢሆንም መለኪያ ያስፈልጋል። ከላይ ካየነው ታሪክና ሥርዓት የሚከተለውን መለኪያ ማውጣት ይቻላል። መርዶ የሚዘገየው ሰው ለመሰብሰብ ከሆነ ይጠቅማል፤ ነገሩን ለመሸሽ ብቻ ከሆነ ይጐዳል። ለአንድ ሳምንት ፈተና መዘግየት አንድ ነገር ነው፤ ለአንድ መንፈቅ ትምህርት መዘግየት ግን ሌላ ነው። ቢያንስ ተማሪው ለአርባው እንዲደርስ ቢነገረው፥ ከቤተ ሰቡ ጋር በአንድ ደረጃ ላይ ለመቆም አንድ ዕድል ያገኛል። አርባውም ሰማንያውም ካለፈ በኋላ የሰማ ልጅ ግን በሟቹ ከሚያዝነው ይልቅ በቋሚዎቹ የሚቈጣበት ጊዜ አለ፤ ሁሉም ሲያውቁ እኔ ብቻ እንደ ሕፃን ተቈጠርሁ ይላልና።

ሌላው አዲስ ችግር የስልክና የማኅበራዊ መገናኛ ነው። ቤተ ሰቡ ሽማግሌ እየፈለገ ሳለ አንድ የሩቅ ዘመድ የሟቹን ፎቶግራፍ “ነፍስ ይማር” ብሎ በፌስቡክ ያወጣዋል፤ ተማሪውም በመኝታ ክፍሉ፥ በእኩለ ሌሊት፥ ብቻውን ያየዋል። በዚህ ጊዜ መርዶው መዘግየቱንም መሰብሰቡንም ያጣል። ስለዚህ ቤተ ሰብ ወሬውን ከልጁ ለመደበቅ ከቈረጠ፥ በዚያው ቀን በግቢው ውስጥ ለሚገኝ አንድ የታመነ ሰው፥ ለአገሩ ልጅ ወይም ለአስተማሪው፥ መንገር አለበት። የልጁ ጎረቤቶች አሁን የመኝታ ክፍሉ ጓደኞች ናቸው። በገጠር ሽማግሌዎች የሚሠሩትን ሥራ በፔዳ ሊሠሩ የሚችሉት እነርሱ ናቸው፤ ሊያስተምራቸው የሚገባ ግን አለ። የዩኒቨርሲቲው መምህራንም ኀዘን የደረሰበት ተማሪ ፈተናውን በሌላ ቀን እንዲወስድ ቢተባበሩ፥ ለመደበቅ ትልቁ ምክንያት ይቀልላል።

መርዶ ከአንድ ቤት አልፎ የአገር ጉዳይ ሲሆንም አይተናል። በትግራይ በ2013 ዓ.ም. በተጀመረው ጦርነት ጊዜ የስልክ ግንኙነት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር። የሰላሙ ስምምነት በፕሪቶሪያ በኅዳር 2022 ከተፈረመ በኋላ፥ በጥቅምት 2016 ዓ.ም. የክልሉ ጊዜያዊ አስተዳደር የሦስት ቀን የኀዘን ጊዜ አውጆ፥ በጦርነቱ ለሞቱት ተዋጊዎች ቤተ ሰቦች መርዶ ተነገረ። ብዙ እናቶች ለዓመታት የልጃቸውን በለስ በቅርጫት ይዘው ነበር ማለት ነው። በመላ ክልሉ በአንድ ጊዜ መለቀሱ ኀዘኑን አላሳነሰውም፤ ነገር ግን ለየብቻው ይጠባበቅ የነበረው ሰው ሁሉ በአንድ ቀን እንዲያለቅስ አደረገው። በአማራ ክልልም ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ማለቂያ ጀምሮ በተነሣው ግጭት ኢንተርኔት ተቋርጦ በነበረባቸው ወራት፥ የቤቱን ወሬ መስማት ያልቻለ ተማሪ ጥቂት አይደለም። የመርዶን ሥርዓት ማወቅ ለእኛ ትውልድ የጥንት ነገር ጥናት ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ ይታወቃል።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ የተባለው ሁሉ ባጭሩ ይህ ነው። መርዶ ሰውን በሌላ ጊዜ ውስጥ ያቆያል፤ የቆየውም ሰው አንድ ቀን መንቃቱ አይቀርም። ተረፈ ባሮክ እንደሚያሳየን የነቃ ሰው የሚያስፈልገው ወደ ትናንት መመለስ አይደለም፤ እውነቱን በትዕግሥት የሚያሳየው ሽማግሌ፥ አብሮት የሚያለቅስ ባሮክ፥ የያዘውንም በለስ የሚቀበለው ሰው ነው። እነዚህን ያገኘ ሰው እርሙን አውጥቶ ይነሣል፤ እነዚህን ያጣ ግን እንደ ሖኒ በገዛ አገሩ እንግዳ ይሆናል። የሞተው ሰው በኀዘንተኛው ልብ ውስጥ ሃያ ቀን ወይም ዓመት ተጨማሪ መኖሩም እንደ ስሕተት ብቻ አይታይ፤ ያም ጊዜ የፍቅር ጊዜ ነበር፥ በለሱም ትኩስ ነበር።

ባሕር ዳርን የሚያውቅ ሰው በሐይቁ ዳር የቆሙትን ሾላዎች ያውቃል፤ ሾላ የበለስ ዘመድ ነው፥ ጥላውም የታወቀ ነው። በዚያ ጥላ ሥር ከሚቀመጡት ተማሪዎች መካከል ገና መርዶ ያልደረሰው ይኖር ይሆናል። ስለዚህ የዚህ ቡለቲን አንባቢዎች በየአገራችሁ መርዶ በምን ሰዓት፥ በማን አፍ፥ በምንስ ቃል እንደሚነገር ከአባቶችና ከእናቶች ጠይቃችሁ ብትጽፉልን፥ አንድ ቀን በየመኝታ ክፍላችን በር ላይ ቆመን ማንኳኳት ሲገባን እንዴት እንደምናንኳኳ ለማወቅ ይረዳናል።